የስካጂት ወንዝ ንስሮች፦ ዓሣው ከሥራቸው እያለ ለምን ርቀው ያድራሉ?

ከሲያትል ሰሜን
ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ መድረክ ወዳጆች። ስለ ስካጂት ወንዝ ባለ ነጭ ራስ ንስሮች ሁለት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ወንዙን ለማታውቁት፦ ስካጂት ከካናዳ ተራሮች ተነሥቶ በዋሽንግተን ግዛት በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። አምስቱም የፓስፊክ ሳልሞን ዝርያዎች ከባሕር እየተመለሱ ይዋለዱበታል። ከእነዚህ ውስጥ ቻም የሚባለው ዘግይቶ ይገባል፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ቀብሮ ይሞታል። በድኑ ጥልቀት በሌለው ውኃና በጠጠር ደሴቶች ላይ ይቀራል። ይህን ጊዜ ከአላስካ፣ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያና ከዩኮን ንስሮች እየወረዱ ይሰበሰባሉ። ብዛታቸው የሚበረታው ልክ በእኛ ገና ሰሞን ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በሮክፖርትና በማርብልማውንት መንደሮች መካከል ማለዳ ስደርስ፣ ቅጠላቸውን ያራገፉት የኮተንውድ ዛፎች ንስር በንስር ሆነው አገኛቸዋለሁ። እስከ ረፋድ ድረስ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይቀመጣሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን፣ ገና ብዙ ዓሣ ጠጠሩ ላይ እያለ፣ አንድ በአንድ ይነሡና ወንዙን ትተው ወደ ጎን ሸለቆ ይገባሉ። ወንዙ ዳር የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ነገ እንደገና ለመምጣት ጉልበት ከሚያወጡ ምግቡ አናት ላይ ቢያድሩ አይሻላቸውም?

ሁለተኛው ጥያቄ ከልጆች ጋር የተያያዘ ነው። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ልወስድ አስቤአለሁ። ወፎቹን ሳናስቸግር የት ቆመን፣ በስንት ሰዓት ብንመለከት ይሻላል?

ባለ ቴሌስኮፗ
ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ከዓሣው ይልቅ ሌሊቱን ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ወር እዚያ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሌሊቱ 16 ሰዓት ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ዝናብ፣ እርጥብ በረዶና ከተራራው የሚወርድ ነፋስ አለበት። ንስር ቀን የበላውን ሌሊት ሙቀቱን ለመጠበቅ ያቃጥለዋል። ስለዚህ የት ይበላል ከሚለው እኩል የት ያድራል የሚለው ሕይወቱን ይወስናል።

ኮተንውድ ለመብል ጊዜ እጅግ ተስማሚ ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ጠንካራ ነው፣ እይታ አይከለክልም፣ ውኃው ከሥሩ ነው። በብርድ ወራት ግን ራቁቱን ስለሚቆም ወንዙን ተከትሎ የሚነፍሰውን ነፋስ አያስጥልም። ከሰማይ የሚወርደውንም አይከላከልም። በጎን ሸለቆ ያሉት ትልልቅ የዳግላስ ፈርና የዝግባ ዓይነት ዛፎች ግን ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው አይረግፍም። ሸለቆው ራሱ ነፋሱን ይሰብረዋል፤ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል ደግሞ የወፉ ሙቀት ወደ ጥርት ያለው ሰማይ እንዳያመልጥ ይከልለዋል።

ዛፉንም ዝም ብለው አይመርጡም። ከአካባቢው ዛፎች በዕድሜም በግዝፈትም የሚበልጠውን ይፈልጋሉ። ሁለት ሜትር የሚደርስ ክንፍ ዘርግቶ የሚያርፍ ወፍ ቅርንጫፎቹ ተራርቀው ክፍተት ካልተዉለት መግባት ስለሚቸገር፣ አንዳንዴ ጫፉ የተሰበረ አሮጌ ዛፍ ከለምለሙ ይመረጣል። የተስማማቸውን ማደሪያ በየዓመቱ እየተመለሱ ይይዙታል። አየሩ ለዘብ ባለ ሌሊት ኮተንውዱ ላይ የሚያድሩም አሉ፤ አንተ ያየሃቸው ጥቂቶቹ እነርሱ ናቸው።

በኦሪገን ግዛት ክላማዝ አካባቢ ቤር ቫሊ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው ለንስሮች ማደሪያ ተብሎ ነው። እዚያ የሚያድሩት ንስሮች ቀን ቀን ርቀው ሄደው በረግረጉ ላይ ዳክዬና ዝይ ይበላሉ፤ ማታ ወደ አሮጌው ደን ይመለሳሉ። በደጉ ዘመን እስከ 300 ንስር በአንድ ሌሊት ያድርበት ነበር። ደኑ ለሰው ዝግ ነው፤ ማለዳ ሲወጡ ማየት የሚፈልግ ከመንገድ ዳር ቆሞ ያያል። መኝታቸው ከተቆረጠ ዓሣውም ዳክዬውም ብቻውን እንደማያቆያቸው የተረዱ ሰዎች ያቋቋሙት ቦታ ነው።

ስለ ልጆቹ ነገ በዝርዝር እጽፍልሃለሁ።

የሐዋሳው መምህር
ታኅሣሥ 17፣ ከጠዋቱ 1:30

ከሐዋሳ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ሳነብ የእኛው ሐይቅ ዓሣ በል ንስር ምን ያህል የተለየ ኑሮ እንዳለው ታየኝ። ሁለቱም የአንድ ወገን ናቸው፤ ነጭ ራሳቸውም ይመሳሰላል። የእኛው ግን አይሰደድም። ጥንዶቹ የሐይቁን ዳር ተከፋፍለው ዓመቱን ሙሉ ያስጠብቃሉ። ማለዳ ሾላው ላይ ሆነው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው የሚጮኹት ድንበራቸውን ለማሳወቅ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ንስሮች በአንድ ደን ሲያድሩ እዚህ አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ቆሮሶና አምባዛ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል እንጂ በአንድ ወር ውስጥ በጅምላ ሞቶ ዳር ላይ አይከመርም። ዘላቂ ምግብ ያለው ድንበር ማስጠበቅ ያዋጣዋል። የስካጂት ንስር ግን በሺህ የሚቆጠር በድን ተዘርግቶለት ድንበር ቢያጥር ማንን ከልክሎ ይችላል?

ከሩቅ የሚመጣው እንግዳችን፣ ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ወፍ፣ ደግሞ ሌላ ነው። ከአውሮፓና ከሩሲያ በመስከረም አካባቢ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይደርሳል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳል። የሞተ ዓሣ የእርሱ ምግብ አይደለም። ከላይ አንዣብቦ እግሩን አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይወረወራል። አንደኛውን የውጭ ጣቱን ወደ ኋላ ማዞር ስለሚችል፣ መዳፉም ላይ ሹል ሻካራ ነገር ስላለ፣ ሙልጭልጩ ዓሣ አያመልጠውም። ሲሸከመውም ነፋሱ እንዳያስቸግረው የዓሣውን ራስ ወደፊት አድርጎ ነው። ብዙውን ጊዜ ለየብቻው ሲያድር ነው የማየው።

የምጠይቀው አለኝ። ንስሮቹ አብረው የሚያድሩት ለሙቀት ብቻ ነው? ወይስ የተራበው የጠገበውን ተከትሎ ማለዳ ወደ ምግቡ እንዲሄድ ነው?

የመስክ ተማሪ
ታኅሣሥ 17፣ ከቀኑ 6:15

መምህር፣ የጠየቁት ነገር በሳይንቲስቶች ዘንድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያከራክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒተር ዋርድና አሞጽ ዛሃቪ የወፎች የጋራ ማደሪያ ስለ ምግብ መረጃ የሚገኝበት ቦታ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ትናንት ያልቀናው ወፍ ዛሬ ከቀናው ኋላ ይበርራል ማለት ነው።

በእኔ አመለካከት ለስካጂት ይህ ማብራሪያ ከሚገባው በላይ ይወደሳል። ወንዝ መስመር ነው። ዓሣው ያለው በዚያው መስመር ላይ ነው፤ ንስሩም ከማደሪያው ወጥቶ ሸለቆውን ተከትሎ ከወረደ ወንዙን አያጣውም። መረጃ የሚያስፈልገው የትኛው የጠጠር ደሴት ላይ ነው ለሚለው ነው። ያንን ደግሞ በሌሊት ሳይሆን በብርሃን፣ ሌሎችን እያየ ያገኘዋል። የአዋቂው ንስር ነጭ ራስ ከሩቅ ይታያል፤ ቁራዎችና የባሕር አሞራዎች የሚያንዣብቡበትም ቦታ እንዲሁ። ንስር ባዶ ጠጠር ላይ ከመውረድ ይልቅ ሌሎች እየበሉ ባሉበት መውረድን እንደሚመርጥ በመስክ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ ማደሪያው በዋነኛነት የመጠለያ ጉዳይ ነው፤ ዜናው ያለው ወንዙ ላይ ነው እላለሁ።

ምግቡ በየዓመቱ ቦታ የሚቀያይርበት አገር ቢሆን ግን የመምህር ሐሳብ ሊበረታ ይችላል።

ከሲያትል ሰሜን
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 1:50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አሁን ደግሞ ስለ ጠቡ ልጠይቅ። ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ልግለጽ። አንድ አዋቂ ንስር ውኃው ጠርዝ ላይ አንድ ትልቅ ቻም በአንድ እግሩ ረግጦ፣ ከስንጥቡ አጠገብ ቆዳውን በመንቁሩ እየጎተተ ነበር። ቆዳው ቶሎ አይበጠስለትም፤ ጎትቶ ጎትቶ ቀና ይላል፣ ዙሪያውን ያያል፣ እንደገና ያጎነብሳል። ሁለት ቁራዎች ከጅራቱ በኩል ይነጫሉ። አንድ ቡናማ ጎረምሳ፣ ሆዱ ነጭ የተረጨበት፣ በጎን በጎን እየተራመደ ሲቀርብ አዋቂው ክንፉን እንደ ድንኳን ዘርግቶ ዓሣውን ሸፈነው። ጎረምሳው ቆመ። ወዲያው ከወንዙ ሽቅብ ሌላ ትልቅ ንስር ዝቅ ብሎ መጥቶ እግሮቹን ወደፊት ሲዘረጋ፣ የመጀመሪያው ሳይነካ ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ዘለለና ዓሣውን ለቀቀለት።

ከዚያ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ማንም ያልነካው ሌላ ዓሣ ተጋድሞ ነበር። ለምን ያንን አልወሰደም?

የመስክ ተማሪ
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 3:20

መልሱ የጻፍከው ውስጥ አለ፤ ቆዳው ቶሎ አይበጠስም ብለሃል። የተከፈተ ዓሣና ያልተከፈተ ዓሣ ለንስር እኩል ዋጋ የላቸውም። ያልተከፈተው ሥራ ይጠይቃል፤ ሲሠራበት ሳለም እርሱን የሚቀማው ሌላ ይመጣል። በአላስካ ቺልካት ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተደረገ ጥናት በጠቡ የሚያሸንፉት ብዙ ጊዜ ግዙፎቹ መሆናቸው ታይቷል። የራበው ደግሞ ጠቡን እስከ መጨረሻው ለመግፋት ይደፍራል፤ የጠገበው ቶሎ ይለቃል። አንተ ያየኸው የለቀቀው ንስር ምናልባት ከዚያ በፊት በልቶ ሊሆን ይችላል። አንገቱ ሥር ያበጠ ነገር ካየህ፣ የምግብ ከረጢቱ ሞልቷል ማለት ነው። እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ እዚያ ይዞ ማደር ስለሚችል በየቀኑ መብላት ግዴታው አይደለም።

ቺልካትን ካነሣን፣ ከምድር ሥር የሚወጣ ሞቅ ያለ ውኃ ወንዙን በከፊል ከመቀዝቀዝ ስለሚያድነው ቻሙ እስከ ብርዱ ልብ ድረስ ይቆያል። በዚህም የተነሣ በዓለም ትልቁ የባለ ነጭ ራስ ንስር ስብስብ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል።

የካሜራ ሰው
ታኅሣሥ 18፣ ከጠዋቱ 3:00

እኔ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ፤ ከማንም ያላነሰ ንስር እወዳለሁ። ልጆቹን ከመንገድ ዳር አቁማችሁ ነጥብ የምታህል ወፍ በቴሌስኮፕ ብታሳዩአቸው ፍቅሩ አያድርባቸውም። ቀስ ብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ ወደ ጠጠሩ ወርዶ ማየት ይቻላል። ወፉ ቢነሣም ዛፍ ላይ ዐርፎ ተመልሶ ይመጣል። ምን ይጎዳዋል?

ባለ ቴሌስኮፗ
ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 7:30

ወንድሜ፣ ፍቅርህን አልጠራጠርም፤ ምክርህን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ከስካጂት በስተሰሜን ባለው ኑክሳክ ወንዝ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ሥራ አለ። ሰው ሲቀርብ ቀድመው የሚሸሹት አዋቂዎቹ ናቸው፤ ጎረምሶቹ የተሻለ ይታገሣሉ። ከሁሉም በላይ የሚደነግጠው ደግሞ መሬት ላይ ሆኖ እየበላ ያለው ነው፤ አንተ ልትቀርበው የምትፈልገው ማለት ነው። ጥናቱ ንስር በገላጣ ሥፍራ ሲመገብ ሰው ከ250 ሜትር ውጭ እንዲቆይ፣ ዛፍ የሚከልል ከሆነ ደግሞ ከ75 እስከ 100 ሜትር የሚሆን የደን መከለያ እንዲተውላቸው መክሯል። ዛፍ ጀርባ ሆኖ የሚሰማ ድምፅ ብዙም አያስደነግጣቸውም፤ የሚታይ ሰው ግን ያስደነግጣል።

«ተመልሶ ይመጣል» ያልከውን እንመርምረው። ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ብዙው መብል የሚበላው በመጀመሪያዎቹ የማለዳ ሰዓታት ነው። በዚያ ሰዓት ጠጠር ላይ የቆመ አንድ ሰው እርሱ እስኪሄድ ድረስ ለንስሮቹ ሁሉ ያንን ደሴት ይዘጋዋል። ከእርሱ በኋላ ጀልባ ይመጣል፣ ከጀልባው በኋላ ውሻ የያዘ ሰው። የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ የሚውል ወፍ ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ሌሊቱን ለማለፍ ጉልበት እያጠራቀመ ነው። በየጊዜው ስናስነሣው ያንን ጉልበት እንወስድበታለን። ሕጉም እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ አለ፤ ንስርን ማወክ ለግለሰብ እስከ 100,000 ዶላር መቀጫና እስር ሊያስከትል ይችላል።

ከሜሪላንድ
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 12:40

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነኝ። የካሜራው ወንድማችን ሐሳብ ከእኛ አካባቢ ልምድ ጋር ይሄዳል። በሰስኩሃና ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1928 የተጠናቀቀ ኮኖዊንጎ የሚባል ግድብ አለ። በኅዳር ሰሞን ንስሮች ከግድቡ በታች ይሰበሰባሉ፤ ተርባይኖቹ ሲሠሩ ዓሣው ደንዝዞ ወይም ሞቶ ይወጣል፤ እነርሱም ከውኃው ላይ እየጠለፉ ያነሡታል። ፎቶ አንሺዎች ተደርድረው፣ መኪና እየገባና እየወጣ፣ ንስሮቹ ከራሳቸው በላይ እየተጣሉ ያልፋሉ። ፍርሃት አይታይባቸውም። ታዲያ የስካጂቱ ለምን እንዲህ ይደነግጣል?

የመስክ ተማሪ
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 2:15

ኮኖዊንጎ ላይ ሰዎቹ ያሉት በአንድ በታወቀ ሥፍራ ነው፤ ንስሮቹ የሚያጠምዱት ደግሞ ሰው ሊደርስበት በማይችለው ፈጣን ውኃ ላይ ነው። ማንም ወደ ምግባቸው አይራመድም። ሰው በየቀኑ እዚያው ቦታ ቆሞ ከዋለ ወፉ ይለምደዋል። ስካጂት ላይ ግን ዓሣው የተኛበት ጠጠርና ሰው የሚረግጠው ጠጠር አንድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ግድቡ ሥር የሚታዩት ሰውን መታገሥ የቻሉት ናቸው። ያልቻሉት ቀድመው ሄደዋል፣ ስለዚህ በማንም ፎቶ ውስጥ አይገኙም። በፊታችን ያለው ወፍ አለመደንገጡ ስለሸሸው ወፍ ምንም አይነግረንም።

የካሜራ ሰው
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 3:05

ይህ የመጨረሻው ነጥብ አሳማኝ ነው። እንግዲያው ረጅሙን ሌንስ ይዤ ከመኪና ውስጥ ሆኜ አነሣለሁ። ለልጆቹ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ያነሣኋቸውን ምስሎች በትልቁ አትሜ እልካለሁ፤ የአንድ ዓመቱን፣ የሦስት ዓመቱንና ነጭ ራስ ያወጣውን የአምስት ዓመት ንስር ጎን ለጎን ያያሉ።

የሜዳው ገበሬ ጎረቤት
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 2:20

እኔ የምኖረው ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ሜዳማ አገር ነው። እስካሁን ማንም ስላላነሣው አንድ ነገር ልጨምር። የላይኛው ስካጂት ቻም ሳልሞን እየቀነሰ መጥቷል። ባለበትም ዓመት ቢሆን የመጸው ጎርፍ ቀድሞ ከመጣ በድኑን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ያኔ ንስሩ ሲደርስ የታጠበ ጠጠር ይጠብቀዋል። ከላይ ያሉት ሦስቱ የሲያትል ከተማ የመብራት ኃይል ግድቦች፣ ሮስ፣ ዲያብሎና ጎርጅ፣ የውኃውን መጠን ይገዛሉ፤ ነገር ግን ሮክፖርት አጠገብ የሚቀላቀለው ሶክ ወንዝ ግድብ ስለሌለው በአንድ ሌሊት ዝናብ ይሞላል።

ንስሮቹ ታዲያ አልጠፉም፤ ቦታ ቀይረዋል። በእኛ ሜዳ ላይ ዳክዬ ሲያድኑ፣ የታመመ ዝይ ሲያባርሩ እናያቸዋለን። በሰሜን ባለው ዋትኮም አውራጃ ደግሞ ወደ ወተት ላሞች እርሻ ገብተዋል። የላም እንግዴ ልጅና የሞተ ከብት ይበላሉ፤ ገበሬዎቹም ቆሻሻውን ስለሚያነሡላቸው፣ ሌሎች ተባይ ወፎችንም ስለሚያባርሩላቸው፣ አይጠሏቸውም።

በዚህ አልጽናናም። ንስሩ ሌላ ገበታ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ወንዙ ግን የሚያጣው ብዙ ነው። ሳልሞን ከውቅያኖስ ያመጣውን ጥቅም ንስሩ፣ ቁራውና ድቡ ወደ ደኑ ይበትኑት ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ አሮጌ ትልቅ ዛፍ ጥቂት ነው። ምግቡ ወደ ቆላ ሲወርድ ማደሪያው ደጋው ላይ ቀርቷል። የስካጂት ንስሮች ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀመር ዓሣው ባለበት ዙሪያ ነበር የታሰበው። አሁን በእርሻ መካከል የቀሩትን ጥቂት አሮጌ ዛፎች ማን ይጠብቃቸዋል? የእርሻ ባለቤቶቹን ሳገኝ ሁሌ የማነሣው ይህንን ነው፤ አንዳንዶቹም ሰምተው ዛፋቸውን ሳይቆርጡ ትተዋል።

ከሲያትል ሰሜን
ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 1:10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ልጆቹ የሐዋሳውን ንስር ድምፅ ቢሰሙ ደስ ይለኛል፤ ከቻሉ በስልክዎ ቀርጸው ይላኩልን። እህቴ፣ የጉዞውን ነገር ቃል በገባሽው መሠረት እጠብቃለሁ።

የሐዋሳው መምህር
ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 1:00

ዛሬ ማለዳ አሞራ ገደል ሄጄ ቀርጬ ልኬላችኋለሁ። ከበስተጀርባ የሚሰማው ጫጫታ የዓሣ ገበያው ነው፤ አባ ኮዳዎቹም አጠገቤ ነበሩ።

ባለ ቴሌስኮፗ
ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 2:00

እንግዲህ ጉዞው እንዲህ ይሁን። በማለዳው መብል መካከል እንዳትገቡ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ድረሱ። መጀመሪያ በ20 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ 100ኛው ማይል ምልክት አጠገብ ካለው ማቆሚያ ተመልከቱ፤ ከዚያ ሮክፖርት ወዳለው ሃዋርድ ሚለር መናፈሻ እንሄዳለን። መጸዳጃና መጠለያ እዚያ አለ። ልጆቹ ከመኪና ሲወርዱ ከመኪናው ጎን ይቁሙ፤ ወደ ጠጠሩ ማንም አይወርድም። ረፋድ ላይ ሰማዩ ከተገለጠ ወደ ላይ አሻግሩ፤ ያን ጊዜ ከሸንተረሩ በላይ ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እንውጣ፤ ወደ ማደሪያ ሲገቡ ለማየት ብለን አንከተላቸውም።

አርብ ማታ የውኃውን መጠን አይቼ እደውልልሃለሁ። ሶክ ከሞላና ወንዙ ከደፈረሰ ወደ ላይ መውጣቱ ዋጋ የለውም፤ በዚያ ፋንታ ፈር አይላንድ ወደሚባለው ሜዳ እንወርዳለን። ከሩሲያ ራንግል ደሴት የሚመጡት ነጫጭ ዝይዎች እዚያ ናቸው፤ ንስሮቹም ከእነርሱ አይርቁም። ቴሌስኮፑን እኔ አመጣለሁ። ለልጆቹ ውኃ የማያስገባ ጫማና ሁለት ሁለት ጥንድ ካልሲ አስይዝ።